ሰው ሳይመርጠው የሚመጣው ገጽታ

ብዙ ሰው ኮምፒውተር ሲከፍት የሚያየውን መልክ ራሱ አልመረጠውም። ቀለሙን፣ የጀርባውን ሥዕል፣ የፊደሉን ውፍረት፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚዘጋ፣ ሁሉንም አንድ የማያውቀው ሰው አስቀድሞ መርጦለታል። እኛ በሥራችን ይህን «ዲፎልት» እንለዋለን፤ ማንም ሳይነካው የሚመጣ ማለት ነው። መቀየር ይቻላል፤ የሚቀይረው ግን ጥቂት ሰው ነው። በተለይ እንዳይበላሽበት ፈርቶ ማውሱን በጣቱ ጫፍ የሚነካ ሰው የመጣለትን ተቀብሎ ይኖራል። እኔም አብዛኛውን ነገር የመጣልኝን ተቀብዬ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ይህን ጉዳይ ከሌላው ሁሉ አብልጬ ቁም ነገር አድርጌ የያዝኩት።

የምንሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ ደረጃው ከሚያደክም ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። በእርዳታ የመጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አቧራቸውን እናራግፋለን፣ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት በአማርኛ አድርገን እንጭንባቸዋለን፣ ከዚያ ለደጋውና ለቆላው ትምህርት ቤቶች እናደርሳለን። አስተባባሪያችን ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። አንድ ሥዕል የሚችል ልጅ ነበር። ጓደኛዬ ነበረች፤ ከትምህርት ቤቶቹና ከቢሮዎቹ ጋር የምትነጋገረው እሷ ናት። እኔ ደግሞ በቁልፎቹና በዝርዝሮቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ገጽታውንም እሠራለሁ።

ስለ ጓደኛዬ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ሁለታችንም የጎንደር ልጆች ሆነን የደረሰን ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ደቡብ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የአነጋገሬን ቅላጼ ሰምታ «አንቺ፣ የኛ አገር ልጅ ነሽ አይደል?» ብላ ከኋላዬ ያዘችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለያየንም። እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ይህን ሰዎች እንደ ጨዋነት ይቆጥሩልኛል፤ እኔ ግን እንደ አካል ጉዳት ነው የማየው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና እዚያው ይቀራል፤ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬው እወርድና በእግሬ እመለሳለሁ። ጓደኛዬ ይህን ያወቀች ቀን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ግን በየታክሲው የኔን «ወራጅ አለ» እሷ ትለው ጀመር። «ወራጅ አለ! እኔ አይደለሁም፣ እቺ ልዕልት ናት የምትወርደው!» ትላለች፤ ረዳቱ ይስቃል፤ እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ እወርዳለሁ።

ውጤቴ ሲሳሳት ሬጅስትራር ድረስ ሄዳ የተከራከረችልኝ እሷ ናት። ካፌ ውስጥ ሻይ ያለ ስኳር ያዘዘችልኝ እሷ ናት። ሰዎችም ለመዱት፤ ጥያቄውን ወደኔ ይወረውሩና ዓይናቸውን ወደ እሷ ያዞራሉ። እሷም ትመልሳለች። የምትመልሰው ደግሞ ልክ የምፈልገውን ነበር፤ አንዳንዴም እኔ ራሴ ምን እንደምፈልግ ከማወቄ በፊት። እዚህ ሥራ ስንቀጠርም ይኸው ቀጠለ። ስብሰባ ላይ ጋሼ «እሷ ምን ትላለች?» ብለው የሚጠይቁት እኔን አልነበረም፤ ጓደኛዬን ነበር። ነውር ሆኖ የታየው ሰው አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ገጽታውን የሠራሁት ወገራ ውስጥ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ካየሁት ነገር ተነስቼ ነው። ከመጫናችን በፊት እንዲሞክሩት ብለን አንድ ላፕቶፕ ይዘን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄድን። የኮምፒውተር ክፍል የተባለው በምሥራቅ በኩል ትልልቅ መስኮት ያለው፣ መጋረጃ የሚባል ነገር የሌለው ክፍል ነበር። የወገራ የጠዋት ፀሐይ ሳያሞቅ ያበራል፤ ብርዱ እንዳለ ሆኖ ብርሃኑ ብቻ ቤቱን ይሞላዋል። ክፍሉን የምትይዘው መምህርት ዕድሜዋ ከእናቴ ዕድሜ የማይርቅ፣ ፈጣን፣ ተጫዋች ሴት ናት። ላፕቶፑን ከፍተን ሰጠናት። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል፣ ነጠላዋን በራሷና በስክሪኑ ላይ አልብሳ፣ ከሥር ተደብቃ ታያለች።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለች ጓደኛዬ።

«የጻፋችሁትን ላነብ ነዋ!» አለች ከነጠላው ሥር። «ፀሐዩ በላብኝ እኮ! ምነው፣ እንዲህ እንደ ሌባ ተሸፋፍኜ ነው የማስተምረው?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያኔ ከሥርዓቱ ጋር የመጣው ገጽታ ጠቆር ያለ ነበር። በጥቁር ላይ ደግሞ የኛ ፊደል ቀጫጭን አጥንቱ ይጠፋል። የመስኮቱ ራስጌ ለላቲን ፊደል ተለክቶ የተሠራ ስለሆነ የኛ ፊደል እግሩ ይቆረጣል፤ የሰፈሬን ስም ቁስቋምን ጽፌ ባየው እንኳ የ«ቋ» እግር የለም። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አይቶ የማያውቅ ሰው የሠራው ነገር እዚያ ቦታ ላይ ሲቀመጥ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ጀርባውን ነጭ አደረግሁት። ዓይን የሚወጋ ነጭ ሳይሆን፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጋቢ ዓይነት ነጭ። ፊደሉን ወፈር፣ ራስጌውን ከፍ አደረግሁ፤ ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ፣ እንደ እስክሪብቶ ቀለም። የጀርባ ሥዕል አላደረግሁበትም፤ ሥዕል አሮጌ ማሽን ያዘገያል፣ ምልክቶቹንም ይውጣቸዋል። ጥላውን፣ ክቡን ጠርዝ፣ የሚንሸራተተውን ሁሉ አወጣሁ። ሲያልቅ የሚያስደንቅ ነገር አልነበረውም። ማንም አይቶት «ዋው» አይልም። ግን በሥራ ክፍላችን መስኮት ሥር አስቀምጬው፣ ፀሐዩ ፊት ለፊት እያበራበት፣ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆኜ አነበብኩት። እንደዚያ ቀን ራሴን የወደድኩበት ጊዜ አላስታውስም።

ሥዕል የሚችለው ልጅ ደግሞ የራሱን ሠራ። ጥቁር ነው፤ ከኋላው የጎንደር ግንብ በምሽት፣ መብራት በርቶበት፣ ወርቅማ ቀጭን ፊደል። ቆንጆ ነው። ይህን በቅናት ሳይሆን በእውነት እላለሁ፤ ሳየው እኔም ወድጄዋለሁ። ጋሼ ግን ከመውደድም አልፈው በፎቁ ላይ ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ ያሳዩት ጀመር። ከሁለቱ አንዱ ዲፎልት ይሆናል ተባለ፤ ለመወሰንም ዓርብ ስብሰባ ተጠራ።

ሁለቱም ሥርዓቱን በምንጭንበት ዲስክ ውስጥ ይገባሉ፤ ስለዚህ ለአንዳንድ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። የፈለገ ይቀይረው! ግን ያቺ መምህርት አትቀይረውም። እንደሚቀየርም አታውቅም። ነጠላዋን ተከናንባ ትቀጥላለች። እኔ የምሟገተው ለዚያ ነበር፤ የኔ ሥራ እንዲመሰገን ብቻ አልነበረም። «ብቻ» ያልኩት አስቤበት ነው፤ መመስገኑንም እፈልገው ነበር።

ረቡዕ ከሥራ ስንወጣ ጓደኛዬ ወደ ቁስቋም በእግር ልሸኝሽ አለች። ታክሲ የምትወድ ሰው ስለሆነች ደስ አለኝ። ዳገቱን ስንጀምር ክንዴን ያዘችኝ።

«በይ ንገሪኝ፤ ዓርብ እኔ ነኝ የምናገርልሽ አይደል?»

«ሌላ ማን አለኝ?»

«እንግዲያው ጥሩውን ብቻ አትንገሪኝ። የሚቃወም ሰው ምን ሊል እንደሚችል ቀድሜ ልወቅ። አንቺ ራስሽ የምትጠራጠሪው የቱን ነው?»

እኔም ነገርኳት። ሁሉን ነገር ነገርኳት። ነጩን ይዤ አምባ ጊዮርጊስ ተመልሼ ስሄድ አንድ ሌላ መምህር አይቶት «የፈተና ወረቀት ይመስላል፤ ገና ስከፍተው ሆዴን ቆረጠኝ» እንዳለ ነገርኳት፤ እሱ ቀልዱን ነበር፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ምናልባት ድርቅ ያለ እንደሆነ፣ ምናልባት ልጆች ደስ የሚል ነገር እንደሚፈልጉ፣ ምናልባት እኔ ራሴ ደብዛዛ ሰው ስለሆንኩ የምሠራውም ደብዛዛ እንደሚሆንብኝ ነገርኳት። ይህን የመጨረሻውን ለእናቴም አልተናገርኩትም። የቁስቋም ግንብ ፍርስራሽ አጠገብ ስንደርስ ቆም ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። «አንቺ ሞኝ፤ ነገሩን ለኔ ተይው» አለች።

ተውኩላት።

ዓርብ ጠዋት የበዓል ቀሚሴን አልለበስኩም እንጂ ለብሼ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ጠረጴዛው ጥግ ተቀመጥኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ጠርገው «እንግዲህ ሁለቱንም አይተናል። አንዱን ዲፎልት እናድርግና እንነሳ። ስለ ነጩ ማን ይናገራል?» አሉ፤ ይህን ሲሉም ዓይናቸው ጓደኛዬ ላይ ነበር።

ተነሳች። «ነጩ የተለፋበት ሥራ ነው። ማንም አይክደውም» አለች።

በዚህ ዓረፍተ ነገር የሚጀምር ንግግር የት እንደሚያልቅ ማወቅ ነበረብኝ። ግን እሷን እንጂ ንግግሩን አልነበረም የማየው፤ ፈገግ ብዬ እጠብቅ ነበር።

«ግን እውነቱን እንነጋገር» ቀጠለች። «ተሞክሯል። የፈተና ወረቀት ይመስላል ያሉ መምህራን አሉ።» አንድ የነበረው መምህር ብዙ ሆነ። «እሷ ራሷም እርግጠኛ አይደለችም። ድርቅ ያለ ነው፣ ልጆቹን አይስብም ብላ ነግራኛለች። ደብዛዛ ሆነብኝ ነው ያለችኝ፤ በራሷ ቃል።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ራቀኝ። «በራሷ ቃል» የምትለዋ ነገር ብቻ ጆሮዬ ላይ ቀረች። ቃሉ የኔ ነው፤ ልክ ናት። ዳገት ላይ፣ ክንዴን ይዛኝ፣ ለሷ ብቻ ያወጣሁት ቃል።

«ጥቁሩ ግን» አለች፣ «አዲስ አበባ ለሥራችን ምርቃት የሚመጣ እንግዳ ሲያየው ይሄ የኛ ነው፣ የጎንደር ነው ይላል።»

በዚያን ሰዓት ጥያቄ ያነሳው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጥቁሩን የሠራው ልጅ። እጁን ግማሽ ያህል አንስቶ «ፀሐይ ያለበት ክፍል ላይስ? የኔ እዚያ አልተሞከረም» አለ። ይህን ሲል እኔን አየኝ።

ጓደኛዬ ሳቀች። «መጋረጃ ይሰቅሉበታላ!»

ጋሼም ሳቁ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ ባለቤቷ? ምን ትያለሽ?»

ሕይወቴን ሙሉ የሆነው ነገር ሆነ፤ ጓደኛዬን አየኋት። ልማድ ነው፣ ዓይኔ ራሱ ነው የሄደው። እሷም፣ ሬጅስትራር ፊት እንደምታደርገው፣ በለሰለሰ ፊት ጭንቅላቷን ወደኔ ነቅነቅ አድርጋ መለሰችልኝ።

«ተስማምታለች ጋሼ። ተነጋግረንበታል።»

«ጥሩ» አሉ ጋሼ። አለቀ። ዝም ማለቴን ሁሉም እሺታ አድርጎ ወሰደው፤ ዝምታዬን የሚተረጉመውን ሰው እኔ ነኝና የሾምኩት፣ ማንን ልክሰስ?

ደረጃው ላይ ተከትላኝ መጣች።

«ተቆጣሽ እንዴ?»

ደረጃውን መውረዴን ቀጠልኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። ነገሩ እኮ ያለቀ ነበር። ጋሼ ሰኞ ምሳ ላይ ነግረውኛል፤ ጥቁሩ ነው፣ ስብሰባው ለወጉ ነው አሉ። ብጣላልሽ ምን ልታተርፊ? አሁን ቢያንስ ሁለተኛ ምርጫ ሆኖ ገብቶልሻል። እንደውም ጋሼ ሊያስወጡት ሲሉ እኔ ነኝ ይግባ ያልኩት። በሰላም አለቀ፣ ማንም ፊቱን አላጠቆረብሽም።»

«ሰኞ?» አልኩ። ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

«ሰኞ፣ አዎ።»

ዳገቱን የወጣነው ረቡዕ ነው። ይህን ስቆጥረው ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ እሷም ቆጠረችው። ቀጥላም ሌላ ወሬ አነሳች፤ ለምርቃቱ አዲስ አበባ ሄዳ ገለጻ የምታደርገው እሷ እንደሆነች፣ ምን እንደምትለብስ። ጋሼ ይህንንም የነገሯት በዚያው ምሳ ላይ ነበር።

ብቻዬን ታክሲ ያዝኩ። መውረጃዬ ደረሰ። ቃሉ መጣና እንደ ልማዱ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ከጎኔ የሚልልኝ ሰው አልነበረም፤ መውረጃዬን በመስኮት እያየሁ አለፍኩት። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ረዳቱ «እህት፣ ትመለሺያለሽ እንዴ?» ሲለኝ ሂሳብ ሰጥቼው ወረድኩ። በእግሬ ስመለስ አለቀስኩ፤ መንገድ ላይ ማልቀስ ነውር ስለሆነ በሳል እያስመሰልኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኮምፒውተሮቹን ይዘን አምባ ጊዮርጊስ ወጣን። ጓደኛዬ ከፊት ወንበር ከሾፌሩ ጋር፣ እኔ ከኋላ ከካርቶኖቹ ጋር። እንደ ቀድሞው ታወራኛለች፣ እኔም እንደ ቀድሞው አጭር አጭር እመልሳለሁ። ያልተነጋገርነው ነገር በመካከላችን እንደ አንድ ካርቶን ተቀምጧል።

ጠዋት ነበር። ማሽኖቹን በየጠረጴዛው አቆምን፣ አበራናቸው። ግንቡ በወርቅ መብራቱ ብቅ አለ፣ ፀሐዩም በመስኮቱ ገባ። ግንቡ የለም። ፊደሉ የለም። በየስክሪኑ ላይ መስኮት፣ ሰማይ፣ የቆመ ሰው ነው የሚታየው።

መምህርቷ ከአንዱ ፊት ተቀምጣ ቀረብ አለች፣ ራቅ አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች፤ እያየችው ያለው ስክሪን እንደ መስታወት ስለሆነላት።

«ምነው የኔ ልጆች፣ ኮምፒውተር ታመጣላችሁ ስንል መስታወት አመጣችሁልን? ይኸው ሽበቴ! ይኸው ጥርሴ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እየተሻሙ መጥተው በስክሪኑ ላይ ጥርሳቸውን ያዩ ጀመር። አንዷ ተማሪ ጸጉሯን አስተካከለችበት።

«ያ ሸጋው የታለ?» አለች መምህርቷ ወደኔ ዞራ። «ባለፈው ያመጣሽልኝ፣ ነጩ? እሱን በቤቱ ወዲያኛ ጥግ ሆኜ አንብቤው ነበር እኮ።»

ጓደኛዬ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ልጆቹ እየሳቁ እንዴት ትጀምረው? ወደኔ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ቀይሪላቸው» አለችኝ። «ቶሎ በይ፣ ያንቺን አድርጊላቸው።»

ቀየርኩ። ከማሽን ወደ ማሽን እየሄድኩ፣ የምርጫውን ዝርዝር ከፍቼ፣ ሁለተኛውን መርጬ፣ «ተግብር» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ቁልፉ ላይ ያለውን ቃል እኔው ነበርኩ የተረጎምኩት። ስክሪኑ አንድ በአንድ ነጣ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሳቅ ወደ ማንበብ ተቀየረ፤ ልጆች ጮክ ብለው «መዝገቦች… ሥዕሎች… ቅንብሮች…» እያሉ ያነባሉ። መምህርቷ ትከሻዬን መታ አድርጋ «ተባረኪ» አለችኝ። ጓደኛዬ ንግግሯን ጀመረች፤ «እኛ ለሁለቱም ዓይነት ክፍል እንዲስማማ አድርገን ነው ያዘጋጀነው» አለች። እኛ።

በመልሱ መንገድ ከኋላ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ከዳባት በኩል የሚመጣው ነፋስ በመስኮቱ ሽንቁር እየገባ ስለበረዳት ጋቢዬን ግማሽ ወሰደች፣ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አልገፋኋትም። የሠራችውን እያወቅሁ ክብደቷ ትከሻዬ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ነው ለሰው ማስረዳት የሚያቅተኝ።

መምህርቷ በደስታ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከች። ፎቶው ጋሼ ዘንድ ደረሰ። በማግሥቱ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው «ይሄ ምንድነው?» አሉ። ልጆች፣ ፀሐይ፣ ረድፍ ሙሉ ነጭ ስክሪን። «ዲፎልቱ ምን ነበር የተባባልነው? ይህ ፎቶ ለምርቃቱ ሊወጣ ነበር እኮ። ማን ፈቀደ?»

ጓደኛዬን አየኋት። እንደ ሁልጊዜው፣ ሌላ የማየው ሰው ስለሌለኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «እኔ ነኝ ያልኳት ጋሼ» ብትል ጋሼ ለሷ ይስቁላት ነበር፤ እኔም ያቺን ሰኞ፣ ያቺን ረቡዕ፣ ሁሉንም እተውላት ነበር ብዬ አስባለሁ። ስንት ዓመት ስለኔ ስትናገር የኖረች ልጅ፣ ሻይዬ ስኳር እንዳይገባበት እንኳ የተናገረችልኝ፣ ጎንበስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ነገር ትፈልግ ጀመር። ፈለገች፣ ፈለገች። ቦርሳዋ ትንሽ ናት።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ጋሼ ቅንድባቸውን አነሱ። «ደግሞ አንቺም ትናገሪያለሽ?»

ሰው ሳቀ። ጥቁሩን የሠራው ልጅ ብቻ አልሳቀም።

«ክፍሉ ፀሐይ ነው» አልኩ። «በጥቁሩ ምንም አይታያቸውም። ፊታቸውን ነው የሚያዩት።» ከዚህ በላይ መናገር ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ስልካቸውን ከጠረጴዛው አንስተው፣ «ለዚያ ትምህርት ቤት ይሁን፤ ዲፎልቱ ግን እንዳለ ነው፤ ከእንግዲህ ሳትጠይቂ አትነኪም» አሉ። ዲስኩ በጥቁሩ ተባዛ። ወደ ሳንጃም ወደ ሌላውም የሄደው እሱ ነው። ሳንጃ ደግሞ ቆላ ነው፤ ፀሐዩ ከወገራ ይብሳል። እዚያ ያሉት መምህራን ሁለተኛ ምርጫ እንዳለ ማን እንደሚነግራቸው አላውቅም።

ጓደኛዬ ለገለጻው ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣች። እናቴ በር ላይ «የት ጠፋሽ አንቺ!» ብላ አገላብጣ ሳመቻት፤ ምንም አልነገርኳትምና። እኔ ክፍል ገብታ አልጋዬ ላይ እንደ ድሮዋ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ላፕቶፗን አወጣች።

«አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ ላፕቶፔን ለገለጻው አስተካክዪልኝ። እንዴት እንደሚቀየር ጠፋኝ» አለች፤ ከፈተችው።

ነጩ ነበር። የኔ ነጭ፣ የታጠበው ጋቢ፤ ጥቁር ሰማያዊው ራስጌ፤ የ«ቋ» እግር ከነሙሉነቱ። በላዩ የሷ መዝገቦች ተደርድረዋል፣ የሰነበተ ሰው ቤት ይመስላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ? ገጽታው? ገና ስትሠሪው ለሙከራ የሰጠሽኝ ቀን ጭኜዋለሁ፤ ከዚያ አልቀየርኩትም። ለገለጻው ግን ጥቁሩ መሆን አለበት።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ደስ ልታሰኘኝ ፈልጋ ነበር። «ያኛው ዓይኔን ያመኛል፣ እውነቴን ነው። ያንቺ ይሻላል። ሁሌም ያንቺ ይሻል ነበር። አላወቅሽም እንዴ?»

ስብሰባው ላይ ስትናገር፣ ያ ላፕቶፕ ፊቷ ተከፍቶ እንደነበር አስታወስኩ። ጀርባው ወደኛ ነበር። «ደብዛዛ ሆነብኝ ነው ያለችኝ፤ በራሷ ቃል» ስትል ዓይኗ ያረፈው እሱ ላይ ነበር።

«ዝም አትበይ እንጂ» አለች። «ደግሞ አዲስ አበባ ስናገር ስለ አንቺም እናገራለሁ። ሁለተኛውን እሷ ናት የሠራችው፣ ዓይን አፋር ስለሆነች ነው ያልመጣችው እላለሁ።»

«አትበይ።»

«ምን?»

«ስለኔ አትናገሪ» አልኩ። «ከእንግዲህ ስለኔ ምንም አትናገሪ።»

አንዴ ሳቅ ልትል አፏ ተከፈተ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። አፏ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ከውጭ እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ይሰማል።

ላፕቶፑን ወደኔ ሳብኩት። የምርጫውን ዝርዝር ከፈትኩ። ግንቡ በትንሽ ሥዕል ከላይ፣ ከአጠገቡ «ነባሪ» የሚል ጽሑፍ፤ «ዲፎልት» ለሚለው የኔው ትርጉም። መረጥኩት። ከዚያ ማሽኑን ወደ እሷ አዞርኩና «ተግብር የሚለውን ራስሽ ተጫኚው» አልኳት።

ተጫነችው።

ነጩ ሄደ። ክፍሌ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ይገባል። ግንቡ አልታየንም። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሴቶች አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይታያሉ፤ አንደኛዋ ጫማዋን ለመፈለግ ጎንበስ ስትል ከመስታወቱ ወጣች፣ አንደኛዋ ቀረች።